እርሳስ

ግላስጎው ይዘንባል፤ ይህ እዚህ ወሬ አይደለም።
እኔ በነጭ ካባ፣ ጠጕሬን በመረብ አስሬ፣
አንዲት ቅንጣት ይዣለሁ በወረንጦ፣ ትንፋሼን ቆጥሬ።

የጤፍ ፍሬ ለአምስት ቢከፈል አንዱን ታህላለች፤
ዚርኮን ትባላለች።
የመጣችው ከሰሜን ዳርቻ ነው፣ ከስኮሪ መንደር፣
ከሽማግሌው ከፊንሌይ የበግ በረት አጥር።
«ውሰጂው» አለኝ፣ «በአንድ ድንጋይ መጉደል ካብ አይናድም፤
ዕድሜውን ሳትነግሪኝ ከቀረሽ ግን ይቅር አልልሽም።»

ፈጨነው፤ ነፋነው፤ በውኃ አጠብነው፤
ማግኔት የወደደውን ለማግኔት ሰጠነው፤
ሃያ ኪሎ ዓለት ገብቶ የተረፈን
ጣት ላይ የማይታይ፣ ሲያስነጥሱ የሚበን።

ግን ጠባይዋን ስሙ።
ከእሳት ስትወለድ፣ ዓለቱ ገና ሳይረጋ፣
ዩራኒየም ሲመጣ በሯን ትከፍታለች፤
እርሳስ ሲመጣ ግን «አላውቅህም» ብላ ትዘጋለች።
ዛሬ ከጓዳዋ እርሳስ ቢገኝ፣ በእንግድነት የገባ አይደለም፤
የዩራኒየም ልጅ ነው፣ እዚያው ተወልዶ እዚያው ያረጀ።
ልጆቹን የቆጠረ የቤቱን ዘመን አወጀ።

ደግሞ ሁለት ናቸው ዩራኒየሞቹ፤
አይጠባበቁም፣ አይመካከሩም፤
አንዱ ፈጥኖ ያልቃል፣ አንዱ ይንቀረፈፋል።
ሁለቱ አንድ ዘመን ከጠሩ
ዳኛ ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ይጠይቃል?

የመጀመሪያው ቀን ምስክሮቼ ተጣሉ፤
ወረቀቱ ላይ ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ሌላውን ዋሾ አሉ።
ኡና፣ የክፍሉ አለቃ፣ መነጽሯን ገፋ አድርጋ አየች።
«ከየት ገባ ይህ እርሳስ? ከአቧራ? ከጓንትሽ?
የድሮ መኪና ጭስ ግንቡ ላይ ትቶት ይሆን?» አለች።
የሦስት ሳምንት ልፋቴ ቅርጫት ገባ፤
ደረጃው ላይ ተቀምጬ ዓይኔ አነባ።
ያመንኩት ግን ያን ዕለት ነው፦
መጣል የሚያውቅ እጅ ያስቀረው ይታመናል።

አባቴን አስታወሰኝ፣ መሪጌታ ይባቤን።
ባሕረ ሐሳብ ሲያወጡ፣ በእርሳስ፣ በደብተር ጀርባ፣
ወንበሩን ይዘው አበቅቴና መጥቅዕን ሲያሰሉ፣
ድምሩ ሠላሳ ካልሞላ
«ስቻለሁ» ይላሉ፤
በላጲስ አጥፍተው እንደ ገና ይጀምራሉ።

በሁለተኛው ቀን ምስክሮቹ ታረቁ።
ሁለት ቢሊዮን፣ ዘጠኝ መቶ ስድሳ አንድ ሚሊዮን ዓመት፤
ሲደመር ሲቀነስ ሁለት ሚሊዮን።
ምድር ግን ከዚህም ትቀድማለች፦
ከሰማይ የወደቁትን ድንጋዮች ሌላ እጅ በሌላ አገር ቢቆጥር
አራት ቢሊዮን ተኩል፣ ጥቂት ፈቀቅ ቢል፤
ከዚያ አይወርድም፣ ከዚያ አይዘል።

ማታ ደወልኩ ለአባቴ።
የእሳቸው ዓለም ሰባት ሺህ አምስት መቶና ጥቂት ነው።
ዝም አሉ። ሳል። ደግሞ ዝም።
«ሲደመር ሲቀነስ ያልሽው ምንድን ነው?»
«የማላውቀው ነው፣ አባባ። ልስት የምችልበት ልክ።»
«የማታውቂውንም ትሰፍሪዋለሽ?»
«እሰፍረዋለሁ።»
«እንዲህ ያለ ሒሳብ ሐሰተኛ ሰው አይሠራውም» አሉ።
አላመኑኝም፤ አልካዱኝም።
እኔም ለፍቅር ብዬ አንድ ዓመት አልቀነስኩላቸውም።
ሊዘጉ ሲሉ የቅኔው ሰው ነቃባቸው፦
«በእርሳስ ነው አይደል ያወቅሽው?»
«በእርሳስ።»
«እንግዲያ ያ ድንጋይ ብርቱ ነው፤
ይህን ሁሉ ዘመን ‹እርሳ'ስ› እየተባለ
አለመርሳቱ!»

ቅዳሜ ስኮሪ ወረድኩ።
ፊንሌይ ቁጥሩን ሰማ፤ ቆቡን ከፍ አድርጎ ግንባሩን አከከ፤
ጎዶሎውን ካብ በመዳፉ ለካ፣
«ይበቃል» አለ፣ «ለበጎቼ ይበቃል።»
ከዚያም ከባሕሩ ጫፍ ሌላ ድንጋይ፣ እርጥብ፣ እያቃሰተ ተሸክሞ መጣ፤
በቦታው ሰካው።
«ይህስ?» አለኝ።